ለእቴቴ ላውንደሪ ለስላሳ ውሃ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ጤናሽ እንደ ልብሽ፣ ልብሽ ደግሞ እንደ ድሮው ሆኖ ታግኝሽ። ያለሽበት አገር ብርድ ነው ይላሉ፤ ፈጣሪ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅሽ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ምላሴም እንደምታውቂው ነው። ደህና ያልሆነው ላውንደሪው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ከአዲሱ ጉድጓድ ውሃ ማግኘት ከጀመረ ወዲህ ያጠብኩት ፎጣ ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውሸት እንዳይመስልሽ፤ ባለፈው ሳምንት አንዱን ግድግዳ ባስደግፈው ቆሞ ዋለ። ተኳሿ አይታው "እቴቴ፣ ይሄ እኮ ፎጣ አይደለም፣ በር ነው" አለችኝ። ተኳሿን ታስታውሻታለሽ፣ ካውያ የምታነሳልኝ፤ "ቆይ ተኳሼን ልጥራት" ስል እንግዳ ሰው አሁንም ይደነግጣል። አንሶላው ደግሞ ነጭነቱ ጠፍቶ አመድ መስሏል። ሳሙና እጨምራለሁ፣ አረፋ የለም። ደግሞ እጨምራለሁ፣ የለም። ሰው ዕቃው ደብዛው ሲጠፋበት "ውሃ በላው" ይላል፤ የእኔን ሳሙና ግን እውነትም ውሃ ነው የበላው።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ትናንት መጥታ አንዱን አንሶላ መስኮቱ ላይ ዘርግታ አየችውና አጥፋ መለሰችው። ምንም አላለችም። ሰው ሲቆጣኝ መልስ አላጣም፣ ዝም ሲለኝ ነው የምፈራው። ከእሷ አንሶላ ሌላ ይህን ቤት ቀጥ አድርጎ የያዘ ሥራ እንደሌለ ታውቂያለሽ።

ቦይለሩም ውስጡ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ አስቸግሮኛል። ደግነቱ ውሃልክ አሉልኝ። አንቺ አታውቂያቸውም፣ ከሄድሽ በኋላ ነው ወደዚህ ሰፈር የመጡት። ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ያቺን ውሃ ልካቸውን ሳይዙ ከቤት ስለማይወጡ፣ የተንጋደደ ነገር አይተው ሳያቃኑ ስለማያልፉ ሰው ሁሉ ውሃልክ ይላቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ ቦይለሩን ፈትተው ቅርፊቱን ይፍቁልኛል። ብዙ አይናገሩም። ጎንበስ ሲሉ መነጽራቸው ይንሸራተታል፣ እጃቸው እርጥብ ስለሆነ በክንዳቸው ገፋ አድርገው ይመልሱታል። ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። እኔ ደግሞ ያለ ስኳር ሻይ የሚጠጣ ሰው ደግ አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ተሳስቻለሁ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እዚያ አገር ኃይለኛ ሳሙና ካለ ላኪልኝ።

የምትናፍቅሽ አክስትሽ


ኅዳር 2

እናትም አባትም ለሆንሽኝ እቴቴ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ጀምሮ እስከ ማስጫ ገመድሽ ድረስ ይድረስልኝ። ፈጣሪ ዕድሜሽን እንደ አንሶላሽ ሰፊ ያድርግልሽ፤ ቀለሙን ግን እንደ ድሮው አንሶላሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱንም ለምጄዋለሁ።

ሳሙና አልልክልሽም። ተሳደቢ፣ ሲበርድልሽ ንባብሽን ቀጥዪ።

እቴቴ፣ እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ አንድም ቀን በደንብ ሰምተሽኝ አታውቂም። "ሥራዬ ከውሃ ጋር ነው" ብልሽ "ልጄ ውሃ ትሸጣለች" ብለሽ ለሰፈሩ አወራሽ። እኔ የምሠራው በየሰው ቤት እየዞርኩ የውሃ ማለስለሻ መትከልና መጠገን ነው። የነገርሽኝ ፎጣ፣ አንሶላ፣ ቦይለር፣ ሁሉም የእኔ የዘወትር እንጀራ ነው። በሽታው አንድ ነው።

ውሃው ከመሬት ሥር ሲመጣ ድንጋዩን እየላሰ ይመጣል። ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉትን ይዞ ይመጣል። አይታዩም፣ አይሸቱም፣ ብትጠጪውም አይጎዱሽም። ሳሙና ሲያገኙ ግን ይዘውት ይቋጠራሉ፤ አረፋ ያሳጡሽ እነሱ ናቸው። የተቋጠረው ነገር ጨርቁ ውስጥ ተወሽቆ ሲደርቅ ፎጣሽን በር ያደርገዋል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ብረቱ ላይ ይጋገራሉ፣ ያ ነው ቅርፊቱ። እንዲህ ያለውን ጠንካራ ውሃ ይሉታል። ሳሙና ብትጨምሪበት የበለጠ ቋጠሮ ነው የምታበዢው።

መድኃኒቱ ውሃሽን ለስላሳ ማድረግ ነው። ማለስለሻው ረጅም ጋን የሚመስል ነገር ነው፤ ሆዱ ውስጥ እንደ ሰናፍጭ የደቀቁ ፍሬዎች አሉ። ፍሬዎቹ ከጨው ያገኙትን ይዘው ይጠብቃሉ። ጠንካራው ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ ድንጋዩን ተቀብለው የያዙትን ይሰጡታል፣ ውሃው ቀሎት ይወጣል። ፍሬዎቹ ድንጋይ ሲጠግቡ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ከጎኑ ካለው በርሜል የጨው ውሃ ስቦ ያጥባቸዋል፣ ድንጋዩን ወደ ፍሳሽ ይተፉና እንደ አዲስ ይጀምራሉ። የአንቺ ሥራ በርሜሉን ጨው እንዳያልቅበት ማየት ብቻ ነው።

አለቃዬ ከአንድ ቤት ተፈትቶ የተመለሰ ደህና ማሽን ሰጥቶኛል፣ ውስጡን አድሼዋለሁ። በመርከብ እልክልሻለሁ። እስከዚያው በጠርሙስ ውሃ ቅጂና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገሽ ናጪው። ከላይ አረፋ ከሆነና ከሥሩ ጥርት ካለ ለስላሳ ነው። ወተት መስሎ አረፋ ካልሠራ ጠንካራ ነው።

ሌላ ነገር። ደብዳቤሽ በቦይለር ጀምሮ በመነጽር ነው ያለቀው። እኔ የቧንቧ ሠራተኛውን ሻይ አልጠየቅኩሽም።

ያሳደግሻት


ታኅሣሥ 12

ለአፏ ልጓም ላልተበጀላት ልጄ፣

ፈጣሪ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ነገርሽን ግን ይቀንስልኝ። ስለ መነጽሩ የጻፍኩት ለጨዋታ ነው። አንቺ አገር ጨዋታ ቀርቷል?

መጀመሪያ ያመጣሽብኝን ጉድ ስሚ። ደብዳቤሽን ለተኳሿና ለአጣቢዎቹ ሳነብላቸው "ውሃሽን ለስላሳ ማድረግ ነው፣ በመርከብ እልክልሻለሁ" የሚለው ላይ ስደርስ ስልክ ጠራኝና ተነሳሁ። ስመለስ ሁሉም ፊታቸው በርቷል። በነጋታው ሰፈሩ በሙሉ "የእቴቴ ልጅ ለስላሳ በመርከብ ጭና ላከች" እያለ ነው። አንዷ አጣቢ ብርጭቆ ከቤቷ ይዛ መጥታለች። ጎረቤቴ ባለ ሱቁ ደግሞ ኩርፍ ብሎ "እኔ ለስላሳ የምሸጠው ሰው አጥቼ ነው?" አለኝ። ልብስ የሚታጠብበት ውሃ ነው ብዬ ባስረዳው ባሰበት፤ "በለስላሳ ልብስ ማጠብ ጀመርሽ? ጥጋብ ነው" አለኝ። እስካሁንም አላመነኝም።

ውሃውን በጠርሙስ ናጥኩት። ወተት ሆነ። ቢቀመጥም ወተት፣ ቢቆይም ወተት። "ጠንካራ" ስትዪኝ ስቄ ነበር፣ ጠንካራ የሚባል ሰው እንጂ ውሃ አላውቅም ነበርና። አሁን ግን አከበርኩት።

ማሽኑ የት እንደሚቆም እንዲያዩልኝ ደብዳቤሽን ለውሃልክ ሰጠኋቸው። ያቺን የመጨረሻዋን ነገርሽን ግን ወደ ኋላ አጥፌ፣ እጥፉን በጥፍሬ ጫን ብዬ ነው የሰጠሁት። ምን አደረጉ መሰለሽ? የተጣጠፈ ነገር አይወዱማ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው አቃኑት። አንብበውት ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ጆሯቸው ግን ቀላ።

ከዚያ "እንግዲህ ይህ ማሽን ከመጣ ቅርፊት አይኖርም ማለት ነው?" አሉኝ። አይኖርም አልኳቸው። "ጥሩ ነው" አሉ። ሻያቸውን ሳይጨርሱት ሄዱ።

ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ቅርፊት ከሌለ ቦይለር አይፈታም። ቦይለር ካልተፈታ ቧንቧ ሠራተኛ እኔ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል? አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ "ደህና አደሩ" ብሎ በሬን የሚያንኳኳ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ በሩን ከፍቶ ልብሱን ወርውሮ ነው የሚሄደው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ አንቺም አላነበብሽም።

ማሽኑን ባትቸኩዪበት ይሻላል። ለአንቺም ድካም ነው።

አክስትሽ


ጥር 5

ለውድ እቴቴ፣ ዕድሜና ጤና፣ ትንሽ ደግሞ ድፍረት ይስጥሽ።

ማሽኑ መርከብ ላይ ነው። ከባሕር ላይ "ተመለስ" አይባልም፣ ስለዚህ እርምሽን አውጪ።

ስቄ አላበቃሁም። ብርጭቆ ይዛ የመጣችውን ሳስብ ሥራ ቦታ ብቻዬን እየሳቅኩ አለቃዬ ምን ሆንሽ አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ፣ በእሱ ቋንቋ ግን አያስቅም።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርሽ። እኔ ተኝቼ ስነሳ የማስበው ያቺን መስኮት ሥር ያለችውን ወንበርሽን ነው። ማታ ላውንደሪው ሲዘጋ ከማን ጋር እንደምታወሪ አስባለሁ። አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ እንደሚገባ ስትጽፊልኝ ደስ ብሎኝ ዕንባዬ መጣ። ግን እቴቴ፣ አንቺ የወደድሽው ሰውዬውን ነው ወይስ ቅርፊቱን? መምጣት የሚፈልግ ሰው ቅርፊት ይፈልጋል እንዴ? "ብቅ በሉ" በያቸው፣ አለቀ።

ለተከላው ይህን ንገሪያቸው። ማሽኑ ፍሳሽ አጠገብ ይሁን። ለመጠጥ የሚሆነው ቧንቧና ለአበባው የሚሆነው ሳይነካ በቀድሞው ውሃ ይቅር። ከማሽኑ ጋር ሦስት ቫልቮች ያሉት ማዞሪያ ልኬአለሁ፤ እሳቸው ያውቁታል፣ ማሽኑ ሲጠገን ውሃው በጎን እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። ጨው ስትገዢ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ጠጠርና አፈር የሌለበት ይሁን። በርሜሉ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ጨውን ማጠቢያው ውስጥ እንዳትበትኚው፣ ተኳሿን አደራ።

ደፋር እንድትሆኚ የምትመኝልሽ


መጋቢት 3

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል። ዝም ያልኩሽ ታምሜ አይደለም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ምንም አትጨነቂ።

ማሽንሽ ደረሰ። ሁለት ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባው። ባለ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሳጥኑን እያየ "ይህ ሁሉ ለስላሳ ነው?" አለ።

ተከላው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። መጀመሪያ ወለሉ ያጋደለ ነው ተብሎ ወለሉ ተስተካከለ። ከዚያ ማሽኑ ቆመና ውሃ ልኩ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ተነሳ፣ ከጎኑ ተለካ። ደግሞ ከኋላ። ተኳሿ "ማሽን ነው የምትተክሉት ወይስ ሐውልት?" ብላ ጠየቀች። እሱ ግን አይቸኩልም። ምሳ ሰዓት ላይ እጁን ታጥቦ መጣና እዚያችው መስኮት ሥር ተቀመጠ። ስለ አንቺ ጠየቀኝ። በልጅነትሽ የባለ ሱቁን ድመት በሳሙና ያጠብሽ ጊዜ ምን እንደሆነ ስነግረው ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ማታ ሲሄድ በሩን ከዘጋ በኋላ እንደገና ከፍቶ "ደህና እደሩ" አለ፤ አንዴ ብሎት ነበር።

ይሁንና የሚያሳዝን ዜና አለኝ። ማሽንሽ አይሠራም። ፎጣው ያው ፎጣ ነው፣ ቦይለሩም ያው ቦይለር ነው። አንቺን አልወቅስም፣ ከቤት ተፈትቶ የመጣ ዕቃ ምን ይደረጋል።

ሳሙናውን ተዪው። ትንሽዬ ሽቶ ካለ ላኪልኝ፣ ብዙ የማይጮህ።

አክስትሽ


መጋቢት 13

ለተከበርሽው እቴቴ፣ ፈጣሪ ከነሽቶሽ ይጠብቅሽ።

ሽቶው ተልኳል። አይጮህም፣ ሹክ ነው የሚለው።

ደብዳቤሽን እየደጋገምኩ አነበብኩት። በጥቅምት "እሳቸው" ነበሩ። በታኅሣሥም "እሳቸው" ነበሩ። በመጋቢት "ተቀመጠ"፣ "ሳቀ"፣ "ደህና እደሩ አለ"። እቴቴ፣ አንቱታውን የት ጣልሽው? እኔ እንኳ ሳላውቃቸው አሁንም እሳቸው ነው የምለው።

በማሽኔ ግን አትቀልጂ። በእጄ ፈትቼ በእጄ የገጠምኩት ነው፣ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ይህን ሥራ ስጀምር "አትችይም" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ አክስቴ ቤት ሳይሠራ ከቀረ እኔ ምኑን ሠራሁት? ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ። የበርሜሉን ክዳን ክፈቺና ውስጡ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ጨው ጨምረሽበታል?

መልስ የምትጠብቅ


መጋቢት 25

ልጄ፣

ረጅም ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም፤ ጤና ይስጥሽ።

ጨው አልጨመርኩም። ጆንያው ተገዝቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በየቀኑ አልፌው እሄዳለሁ፣ እሱም ያየኛል። ተኳሿ "ይሄ ጨው ለጌጥ ነው?" ስትለኝ "እየደረቀ ነው" አልኳት። ጨው እስኪደርቅ ሲጠበቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አንቺን "ማሽንሽ አይሠራም" ያልኩሽ ጊዜም ሰማይ ይስማኝ፣ ሁለት ወረቀት ቀድጄ ነው የጻፍኩት። ግን እሱ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ ነበር። ቅርፊቱን እየፋቀ ስለ ልጅነቱ ያወራኝ ጀምሯል። ሚስቱ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆኗታል፣ እንደ እኔው ባል። "ብቅ በሉ በያቸው" አልሽኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንዴት አድርጌ? ቢስቅብኝስ? "ሥራ ሳይኖር ለምን ልምጣ?" ቢለኝስ? እሱ ቢያፍር መሄጃ አያጣም፤ እኔ ግን እዚሁ ነው የምኖረው።

ትናንት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ዝምታዋን ሰበረች። አንሶላው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነጭ ካልሆነ አዲስ ለተከፈተው ላውንደሪ እሰጣለሁ አለችኝ፤ እሷም እያዘነች ነው። ተኳሿ ከካውያው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። እሷም አጣቢዎቹም በዚህ ሥራ ነው ቤታቸው የቆመው። "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" ይሉ የለ? ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። ጆንያውን ጎትቼ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት። እየገለበጥኩ አለቀስኩ፣ ምን ያህል እንደወደድኩት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በቃ፣ ካልመጣ አይምጣ።

ይህን ጽፌ ሳልልከው አንድ ሳምንት ኪሴ ውስጥ ሰነበተ። አሁን የምጨምረው ጉድ ነው። ጨው ሞልቷል፣ ማሽኑም በርቷል፣ ውሃው ግን ያው ወተት ነው። ጨው ከገባበት ዕለት ጀምሮ በርሜሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ነበር፤ ጨውም ንቅንቅ አላለም። አሁን የማልዋሽበት ጊዜ ነው፤ እባክሽ እርጂኝ። አንሶላው ይቅርታ አያውቅም፣ ወሩም እየሄደ ነው።

አክስትሽ


ሚያዝያ 14

እቴቴ የእኔ ጀግና፣

ሰላምታውን በኋላ እከፍላለሁ፤ ይህ በፍጥነት እንዲደርስሽ በሚመጣ ሰው እጅ ነው የላክሁት።

ያቺ የጠመኔ ምልክት ሁሉንም ነገረችኝ። ማሽኑ ፍሬዎቹን በጨው የሚያጥበው በውስጡ ያለፈውን ውሃ ቆጥሮ ነው። ጨው ካልጎደለ ውሃ በውስጡ አላለፈም ማለት ነው። እንግዲህ ከማሽኑ ኋላ ያሉትን ሦስት ቫልቮች እዪ። የግራውና የቀኙ እጀታ ከቧንቧው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለባቸው፣ ያ ክፍት ነው። የመካከሉ ደግሞ ቧንቧውን ማቋረጥ አለበት፣ ያ ዝግ ነው። የመካከሉ ክፍት፣ የጎኖቹ ዝግ ከሆኑ ውሃው በአቋራጭ ያልፋል፣ ማሽኑን አያየውም።

ውሃልክ ሲተክሉ ውሃውን በጎን አሳልፈው መልሰው መዝጋቱን ረስተውት ይሆናል። በእኛ ሥራ ያጋጥማል፤ እንዳትቆጪያቸው።

የምትወድሽ


ሚያዝያ 29

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፣

ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው፣ የምትነኪው ቧንቧ ሁሉ ይታዘዝልሽ፣ ማንም "አትችይም" ያለሽ ሰው ልብሱ በጠንካራ ውሃ ይታጠብ። ተቀምጠሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሽርጤን ሳልፈታ ወደ ኋላው ክፍል ሄድኩ። እንዳልሽው ሦስት እጀታ። የመካከሉ ተከፍቷል፣ የግራና የቀኙ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። "ረስተውት ይሆናል" ያልሽውን አሰብኩ። ልጄ፣ ይህ ሰው የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ሥር ካርቶን አጥፎ ሳያስገባ ሻይ አይጠጣም። ወለል ያቃና ሰው ነው። እሱ ቫልቭ ረሳ ከምትዪኝ ፀሐይ መውጣት ረሳች ብትዪኝ አምንሻለሁ።

ባዶው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ልቤ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቅ መጣብኝ። ተኳሿ ሮጣ መጥታ ምን ሆንሽ ብትለኝ ይብሱን ሳቅኩ። እኔ ጨው እየደበቅኩ፣ እሱ ቫልቭ እየከፈተ፣ ሁለት ሽበታም ሰዎች የአንዲት ሴትዮ አንሶላ ስናበላሽ ከረምን።

ቫልቩን ግን አልነካሁትም። መፋቂያው ቀን እስኪደርስ ጠበቅኩ። ሲመጣ ቦይለሩን ሊፈታ ጎንበስ አለ፣ "ቆይ፣ አንዴ ወደዚህ" ብዬ ወደ ኋላው ክፍል ወሰድኩት። እጀታውን አሳየሁት።

"ይሄ እንዲህ መሆን አለበት?" አልኩት።

መነጽሩን በክንዱ ገፋ አደረገው፣ እጁ እርጥብ ሳይሆን።

"የለበትም" አለ።

"ረስተውት ነው?"

"አልረሳሁትም። በሕይወቴ አጣምሜ የተውኩት ሥራ ይሄ ብቻ ነው።" ጆሮው በርበሬ መሰለ። "ቢዘጋ ኖሮ በምን አመካኝቼ እመጣለሁ?"

እኔ ደግሞ ስለ ጨው ነገርኩት። ጆንያው ግድግዳ ተደግፎ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ ተኳሿን ምን እንዳልኳት፣ አንቺን ምን እንደዋሸሁሽ፣ ሁሉንም። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ አጣቢዎቹ ሥራ አቁመው በር ላይ እስኪቆሙ ድረስ።

የግራውን ከፈትኩ፣ የቀኙን ከፈትኩ። የመካከሉን በገዛ እጄ ዘጋሁት። ዘወር ብዬም "ከእንግዲህ ያለ ምክንያት ይምጡ" አልኩት።

ውሃው ጭልጭል እያለ በማሽንሽ ሆድ ውስጥ ሲያልፍ ሰማሁት። አሮጌው ውሃ ወጥቶ እስኪያልቅ ቧንቧውን ለቀቅነው፣ ጠርሙሱን ናጥነው፣ አረፋው በአፉ ፈሰሰ፣ ሥሩ ጥርት አለ። ተኳሿ እልልታዋን አቀለጠችው። በመጀመሪያው እጥበት እንደ ልማዴ ሳሙና ጨምሬ አረፋው ማጠቢያውን አልፎ እስከ ደጃፍ ሄደ፤ ባለ ሱቁ እግሩን አንስቶ "አሁን ገና ለስላሳ መሆኑን አመንኩ" አለ። አንሶላው ወዲያው አልነጣም፣ ደጋግመን ስናጥበው ግን መልኩ ተመለሰ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት መጥታ እንደ ልማዷ መስኮቱ ላይ ዘርግታ አየችው። ዝም አለችኝ። ከዚያ የመጋረጃዎቿን ጥቅል ከመኪናዋ አውርዳ ጨመረችልኝ።

በነጋታው ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። የመሣሪያ ሳጥን አልያዘም፣ ውሃ ልክም አልያዘም፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። እጁን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ወገቡ ላይ ያደርገዋል። ተኳሿ "ደግሞ ምን ተበላሸ?" አለችው። "ምንም አልተበላሸም" አለና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሻዩን እስኪጨርስ ተቀመጠ። በሚቀጥለውም ቀን መጣ፣ በሚቀጥለውም።

በሰኔ እንጋባለን። በዚህ ዕድሜዬ የውሃ አጣጭ አገኘሁ፣ ያውም የለስላሳ ውሃ። ሽቶሽ ደርሶኛል፣ ሹክ ይላል። ከእንግዲህ ሳሙናም ሽቶም አልለምንሽም። የምለምንሽ እንድትመጪ ነው። አለቃሽን አስፈቅጂ፤ ካልፈቀደልሽ እኔ እጽፍለታለሁ።

ከአጠገቤ ተቀምጦ "እኔም አንድ ነገር ልጻፍላት" ይለኛል፤ ብዕሩን ሰጥቼዋለሁ።

አክስትሽ

*ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ። የመካከሉ ቫልቭ መዘጋቱን በየቀኑ እየመጣሁ አረጋግጣለሁ።*